የልደታው አገር ሰጪና ነሺ

ለሞተ መንግሥት እውቅና የሚሰጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ልደታ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ አሉን። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የትኛው ግዛት ራሱን የቻለ አገር እንደነበረ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሌላ ማን ይወስን? ለሐረር ግብፆች እስኪገቡባት ድረስ አገርነቷን አጽድቀውላታል።

ጅማ ላይ ግን ጨከኑ። የጅማው ተወላጅ ጎረቤታቸው ነዚፍ፣ «ጋሼ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ይገብር ነበር እንጂ አስተዳደሩ እኮ የራሱ ነበር» ብሎ ለመናቸው።

«በገዛ ደጁ ሌላ የሚያዝበት አገር አይባልም!» አሉ። ነዚፍ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የወረዳ ሰዎች መጡ። ሰፈራችን ለልማት ሊፈርስ ስለሆነ የጋሼን የግቢ በር በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉበት።

«ማንን አስፈቅዳችሁ ነው? ልጆቼን ያሳደግኩበት ቤት እኮ ነው!»

«ትእዛዝ ነው አባት» አለና ቀቢው ወደሚቀጥለው በር አለፈ። የሚቀጥለው በር የነዚፍ ነበር።

ሁለቱም ደጃፋቸው ላይ ቆመው ቀለሙ ሲደርቅ አዩ። በመጨረሻ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነዚፍ» አሉት፤ «ጅማ አገር ነበር።»