ስም ስለጥፍ ሚስት ላጣ ነበር

ሰው ከወንበሩ ጋር በሰላም መኖር ከፈለገ ስሙን ባያውቀው ይሻለዋል! አትሳቁ... እኔ ስሙን ላውቅ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

በመሥሪያ ቤታችን እንግሊዝኛ ለሚችል ጸሐፊ ሹመት አለ ተባለና፣ በዚህ ዕድሜዬ ከሥራ መልስ ትምህርት ገባሁ። መምህሩ ስምን የተጸውዖ፣ የወል፣ የጥቅል፣ ረቂቅ እያለ ከፋፈለልን። የኔ ጭንቅላት አንዱንም አላስገባም አለ። "በቤትህ ዕቃ ሁሉ ላይ ስሙንና ዓይነቱን በእንግሊዝኛ ጽፈህ ለጥፍ፤ ስትወጣ ስትገባ ታየዋለህ" አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አስመራ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር በተከራየኋት ቤት በሬን ለንፋስ ከፍቼ ሥራዬን ጀመርኩ። አልጋው፣ ቡፌው፣ ሬድዮው፣ መጋረጃው... ሙጫው እስኪያልቅ ለጠፍኩ። ጎሽ የኔ አንበሳ!

አስመራ ውስጥ ዕቃው ላይ ወረቀት የሚለጥፍ ማን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጣሊያኖቹ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲሄዱ እንዲህ ነው የሚሸጡት፤ በሩን ይከፍታሉ፣ ወረቀት ይለጥፋሉ፣ ሰፈሩ ገብቶ ያማርጣል። እኔ ብቻ ረሳሁት።

አንዲት ወይዘሮ ሰተት ብለው ገቡ።

"ቡፌው ስንት ነው?"

"አይሸጥም፣ እሜቴ!"

"ኣይፋልን፣ አይሆንም! ወረቀት ለጥፈህበት?" ብለው መሳቢያውን ይከፍቱ ጀመር።

ከሳቸው ጋር ስሟገት ሌላ ሰውዬ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብድግ እያሉ ሽቦውን ይፈትናሉ። በዚህ መሐል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቦይ ተስፋይ! የእጮኛዬ የለተብርሃን አባት፤ ቤቱ ለሙሽራዋ ምን እንደጎደለው ሊያዩ ከጎዳይፍ ሰፈር መምጣታቸው ነው። ቡፌውን አዩ፤ አልጋውን አዩ... ከዚያ ግድግዳው ላይ የልጃቸውን ፎቶግራፍ አዩ። እሱም ላይ ለጥፌበታለሁ! ወረቀቱን ገንጥለው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ለተብርሃንን ከልቤ እወዳታለሁ፤ አባቷን እሺ ለማሰኘትም የሽማግሌዎቼ ጫማ አልቋል። ገበያተኞቹን እንደምንም አስወጥቼ በአውቶቡስ ጎዳይፍ ገባሁ።

"ወዴት ልትሄድ ነው?" አሉ አቦይ ተስፋይ ገና ከደጃፍ። "ልጄንስ ለማን ነው የምትሸጣት?"

"አቦይ፣ እንግሊዝኛ እየተማርኩ እኮ ነው!"

"ሓቂ! ሊሄድ የተነሣ ነው የሰው አገር ቋንቋ የሚማረው።"

ለተብርሃን ከጓዳ ወጣች። እሷ እንደኔ አይደለችም፤ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት አብጠርጥራ ተምራዋለች። ወረቀቱን ከአባቷ ተቀብላ አነበበች። ከንፈሯን ነከሰች... አልቻለችም፣ ሳቋ አመለጣት።

"ባባ፣ የኔን ስም የወል ስም ብሎ ከወንበርና ከድስት ጋር ነው የመደበው! ፊደሉንም አበላሽቶታል። በዚህ እንግሊዝኛው እንኳን ውጭ አገር እዚህ ደቀምሓረም አይደርስ!"

አቦይ ተስፋይ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"በጣም!"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። "የትም አይሄድም። በይ ሻሂ አምጪለት!"