ሊቀ ብሎንና የመኪናዬ ማሞቂያ

ሳይጠሩት መጥቶ ያልተበላሸውን የሚፈታ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛውን ክቡር ጎረቤት «ሊቀ ብሎን» ብለን ሾመናቸዋል። እሳቸው «ለእኔ ተዉልኝ!» ካሉ ያ ዕቃ አለቀለት። የእኅቴ ራዲዮ ከእጃቸው ከወጣ ወዲህ ካልመቱት አይናገርም። የጠገኑት ካውያማ መጋረጃችንን ይዞ ነደደ።

ባለፈው ክረምት የመኪናዬ ማሞቂያ ዐመል አወጣ። ማራገቢያው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ጭጭ ይላል፤ አራት ላይ ብቻ እንደ ወፍጮ ያገሳል። በማግሥቱ ጠዋት እናቴን በብርዳሙ ዳገት አሻግሬ ሆስፒታል ማድረስ ነበረብኝ። እናቴ አስም አለባት። ብርዱ ያፍናታል፤ የአራት ቁጥሩ ነፋስም ትንፋሿን ይቀማታል።

ሊቀ ብሎን ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ውጭ ቀርቶ አገኘኋቸው።

«ነፋሱን የምትመጥነዋ ሬዚስተር ተቃጥላለች» አሉ።

«ጋሼ፣ መካኒክ ብንጠራስ?»

«መካኒክ ምን ያውቃል? ለእኔ ተዉልኝ!»

ጎማ ከሌላት አሮጌ መኪናቸው ሬዚስተር ነቅለው ገጠሙ። ማራገቢያው አንድ ላይ ለስለስ ብሎ ተነሣ። ደስ ሊለኝ ሲል መዳፋቸው ላይ ሁለት ብሎኖች አየሁ።

«እነዚህስ ጋሼ?»

«ትርፍ ናቸው። ፋብሪካው ለጋስ ነው።»

ካውያው ትዝ አለኝ፤ መጋረጃው ትዝ አለኝ፤ እናቴ ከዚያ ነገር ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። እሳቸው ግን «ለሙከራ» ብለው የመኪናውን ቁልፍ ወሰዱብኝ።

ሲነጋ ወጣሁ። ሞተሩ ይሠራል። ሊቀ ብሎን በእናቴ ወንበር ላይ ዐይናቸው ቀልቶ፣ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፈው፣ በጉልበታቸው መካከል የውሃ ጀሪካን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጎሕ ሳይቀድ ጀምሬ ማራገቢያዋን አንድ ቁጥር ላይ አድርጌ እየጠበቅኋት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «አልነደደችም።»

«ጋሼ፣ ብትነድ ኖሮስ?»

«እኔ ልንደድ እንጂ፣ እናታችሁ ትንደድ?»

እናቴ ስትገባ እሳቸው ሳይጋበዙ ጀሪካናቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ። በየጠመዝማዛው ራሳቸውን በወንበሮቹ መካከል ያሾልካሉ፦ «እኅት ዓለም፣ ደኅና ነሽ? የሚሸት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም ወንድሜ፣ ተው አረፍ በል!» አለች እናቴ፤ ዳገቱን ሳንጨርስም በለስላሳው ሙቀት እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

በመስተዋት አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ድምፅ ሳያሰማ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ለእናቴ ከእኔ እኩል የሚፈራላት ሰው መኖሩን ገና ያን ጠዋት አወቅሁ።