በሪዘርቬሽን የሚታደን ወፍ

እናንተ፣ እዚህ አገር ወፍ የሚታደነው በቀጠሮ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም ነበር። ወደ አደን ቦታው ስትደውሉ አንዲት ሴትዮ በጣፈጠ አንደበት «ስንት ወፍ ይሁንልህ?» ትላለች። ኧረ እኔ እስከማውቀው አዳኝ የሚሄድበትን እንጂ ይዞት የሚመለሰውን አያውቅም! «አራት» አልኳት። ከስድስት በታች አንለቅም አለችኝ። ልክ እንደ እንቁላል በግማሽ ደርዘን ነው።

አዳኝ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ስልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ አይጥ ስትገባ ወንበር ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ በመጥረጊያ የምታባርራት ባለቤቴ ሰብለ ናት። ነገሩን ያመጡት የሰብለ አባት፣ አባባ ታፈረ ናቸው። ሰብለ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ፣ እናቷ በሕይወት ስለሌሉ፣ «እንግዲያው አባቴ አጠገቤ ይሁን» ብላ ከደብረ ማርቆስ አስመጣቻቸው። መጡ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ደበራቸው። የሚጠይቁት ጎረቤት የለ፣ የሚሸመግሉት ጠብ የለ። ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ሥር ተቀምጠው ፓርኪንግ ሎቱን ያያሉ።

ሁለት ወር ሲሆናቸው እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የሰብለ ወንድም ኮል አደረገ። አባባ «ቲኬቴን ቼንጅ አድርግልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አገሬ ልግባ» ብለውታል። የሰብለ መውለጃ ደግሞ አንድ ወር ቀርቶታል። መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ያለ እናትም ያለ አባትም ልወልድ ነው ብላ። እኔ ሚስቴ ስታለቅስ ማሰብ አቆማለሁ፤ መናገር ግን አላቆምም። ሳሎን ወጣሁና «አባባ፣ ምነው ቸኮሉ? እኔ እኮ አደን ልወስድዎ አስቤ ነበር» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ለካስ በጉብዝናቸው ጊዜ ቆቅ አዳኝ ነበሩ! «አንተም ታድናለህ?» አሉኝ። «በየዓመቱ!» አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እየከበደ ሄደ፤ ራት እስኪቀርብ ድረስ ሦስት አጋዘን ገድዬ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሜን ያዝን። ስፕሪንግፊልድን አልፈን ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። ክሬግ የሚባል መሪ ተቀበለን፤ የቀኑን ፈቃድ አስፈረመን፣ ብርቱካንማ ሰደሪያ አለበሰን፣ ጠመንጃ ሰጠን። አንድ ጥብቅ ደንብ አለ አለን። ወፍ ሲወድቅ ማንም ንቅንቅ እንዳይል፤ የሚያመጣው ውሻው ነው። ለአባባ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ነቀነቁ እንጂ እሺ አላሉም፤ ይሄ የገባኝ ኋላ ነው።

ወፉን ፌዛንት ይሉታል። ጅራቱ የረዘመ አውራ ዶሮ አስቡ። ሣሩ ውስጥ ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ አንዱ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። በእግሩ! አባባ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ። ክሬግን ጠየቅኩት። በእርባታ ያደገ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው ከሣጥን የለቀቅነው፣ ሰው ሲያይ ጥሬ የሚበትኑለት ይመስለዋል አለ። አባባ ሲሰሙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቆቅ እንዲህ አይደለችም አሉ። ቆቅ ኮሽታህን ሳይሆን ሐሳብህን ሰምታ ነው የምትሸሸው። ሁለት ቀን አድፍጠው ባዶ እጃቸውን ሲገቡ እናታቸው «ዛሬስ ማን አሸነፈ?» ይሏቸው ነበር አሉ። «ይሄን ግን ና ቢሉት ቤት ድረስ ይከተላል። ለምን ይተኮስበታል?»

ክሬግ ግን በእግሩ ገፋ አድርጎ አስነሳው። እኔ ተኮስኩ። ምን እንደመታሁ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ የሚባለው ለእኔ ነው። ሁለተኛው ሲነሳ አባባ አንዴ ተኮሱ። ወደቀ።

ውሻው ሮጠ። አባባም ሮጡ! ጠመንጃቸውን ለክሬግ አስታቅፈው፣ ከኪሳቸው ሰንጢ መዘው። ለምን አትሉም? ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፤ ውሻ አፉን ያሳረፈበት ደግሞ ጭራሽ አይነሳ! ነፍሱ ሳትወጣ፣ ውሻው ሳይደርስ መታረድ አለበት። ይሄን ለክሬግ በእንግሊዝኛ ላስረዳ ብል ጊዜው የት አለ? እሱ «ሰር! ሰር!» እያለ ይጮኻል። እኔ አማቼን ልመልስ ብዬ ጠመንጃዬን እንደያዝኩ ተከተልኩ። ዞር ስል ክሬግ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቷል። አፈሙዙ ለካ ወደ እሱ ነበር፤ አፈርኩ።

የሰባ ሁለት ዓመቱ አባባ ውሻውን በአንድ ክንድ ቀደሙት። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው አረዱ። ውሻው ቁጭ ብሎ አያቸው፤ ሥራውን የተቀማ ነው የሚመስለው። ክሬግ ተነስቶ አቧራውን አራገፈና የእኔን ጠመንጃም ተቀበለኝ። አደናችን አበቃ አለ፤ ግን አባባን ጨበጣቸው። እኔን አልጨበጠኝም።

ወደ መኪናው ስንመለስ አንዲት ሴት ፌዛንት እግሬ ሥር መጥታ ቆመች። አባባ «በል፣ በእጅህ ያዛት» አሉኝ። ዘልዬ ጭቃው ላይ በግንባሬ ተዘረጋሁ። ወፏ ደንግጣ ሮጠች፣ በረረች፣ ጫካ ገባች። አባባ ሁለት ወር ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቁ። «ተዋት፣ ተዋት! አሁን ገና ወፍ ሆነች» አሉ።

ቤት ስንደርስ ሰብለ በር ላይ ጠበቀችን። «እንዴት ነበር?» አለች። አለቀልኝ አልኩ በልቤ። አባባ ግን ወፉን አቀበሏትና ጀመሩ። ንስር የሚያህል ነበር አሉ፣ ሦስት ኮረብታ አሯሯጠን አሉ፣ ባልሽ በዚያ በኩል ባይከብበው ኖሮ ወየውልን አሉ። እኔ! ስከብብ! ሰብለ እንዲያ ባለ ዓይን አይታኝ አታውቅም። የሚገርማችሁ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር።

ጥብሱን በልተን ስንጨርስ ስልክ ተደወለ። የሰብለ ወንድም ነው፣ ቲኬቱ ተገኝቷል። አባባ ስልኩን ተቀብለው «ሰርዘው ልጄ፣ ክርስትናው ሳያልፍ አልሄድም» አሉት። ሰብለ በደስታ አባቷን ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ሰሐኖቹን አንስታ ወደ ኩሽና ገባች። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሻችሁ። ደረቴን ነፋሁና «አባባ፣ አደኑ ነው አይደል ያስቀረዎት?» አልኳቸው።

«እሱማ አደኑ ነው» አሉ፣ ሰብለ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በእግሯ የመጣችለት ዶሮ ያመለጠችውን ሰው አምኜ፣ ልጄን በመውለጃዋ ሰሞን እንዴት ጥያት እሄዳለሁ?»