ወይዘሮ ወንፊትና ስሱ ፕላስቲክ

በየሰፈሩ ምስጢር የማያድርባት አንዲት ሴት አለች፤ ከሌለች ሰፈሩ ገና ሰፈር አልሆነም። የመካነ ሰላሟን ክብርት ወይዘሮ ወንፊት ለማየት የምትሹ አትድከሙ፤ እኔው ነኝ።

«ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው» እላለሁ፤ በማግስቱ እስከ ወረኢሉ ድረስ ይሰማል። የጎረቤቴ የፋጢማ ልጅ ስትታጭ፣ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ መናኸሪያው «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሏል። ልጄ አራጋው በሬ ሊገዛ ወደ ከላላ ገበያ ሲሄድ የሚወጣው እኔ ሳልነቃ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ከልጁ ከመቅደላዊት ጋር ነው። ወሬው ቀድሞ በአፌ ብቻ ነበር የሚሾልከው፤ አሁን በእጄም ሆነ።

መቅደላዊት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ከፕላስቲክ መሰል ነገር ትራንዚስተር ትሠራለች። እኔ ሬዲዮ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በዓይን የማትታይ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ለፋሲካ መጥታ አስረዳችኝ፦ ከላይ አዛዥ አለ፣ ከታች ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ፣ በመሃል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን።

«ሽፋኑ ምንም አያሳልፍም፤ ግን የላዩ ሲያዝዝ የታቹ ይሰማዋል።»

«ሳያሳልፍ? እንዲህ ያለ ሰው በዚህ አገር አልተወለደም!»

«እኔ የምሠራው ሽፋንም ሁሉ ይሾልካል፣ እምዬ።»

«አወፍሪዋ!»

«ከወፈረ ትእዛዙ ይደክማል፤ ከሳሳ ይሾልካል።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ትምህርቱን ልተወው ነው። ለአባዬ እንዳትነግሪው። ካወቀ ዓይኑን አላይም፤ ቤትም አልመጣም።»

አራጋው «ልጄ ትራንዚስተር ሠራች» እያለ ገበያውን ሁሉ ያደነቆረ ሰው ነው።

እንግዲህ ልጂቱ ውሃዋን በወንፊት ቀድታ ሄደች። ዝም አልኩ። እህል አልወርድ አለኝ። ፋጢማ አየችኝና ደነገጠች።

«እትዬ አበቡ፣ ወላሂ እርስዎ ዝም ካሉ ጤና የለዎትም! ዱዓ እናስደርግልዎ እንዴ?»

አንድ ቀን ከአራጋው ጋር ባቄላ ስንፈለፍል አላስችል አለኝ።

«ለልጅህ ደውልላት።»

«ምን ሆነች?»

«ደውልላት አልኩህ! ስለ ትምህርቷ አትጠይቃት። እንደናፈቀችህ ብቻ ንገራት።»

«እማዬ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ።»

«ባቄላህን ፈልፍል።»

ወጥቶ ደወለ። ያው ልማዴ ነውና ከግድግዳው ጀርባ አዳመጥኩ። «ቤትሽ እኮ ነው፣ ልጄ» አላት። «ሞልቶልሽም ጎድሎብሽም ነይ።»

ወዲያው የኔ ስልክ ጮኸ።

«እምዬ! ነገርሽው?»

«ልሙት አልነገርኩትም!»

«ታዲያ እንዴት አወቀ?»

«አላወቀም፤ ተሰማው እንጂ።»

ይሄኔ ሳቀች። በዕድሜዬ ከለቃቀምኩት ወሬ ሁሉ ያ ሳቅ ጣፈጠኝ።

ሽፋኗ ገና ይሾልካል፤ እሷ ግን ትምህርቷን አልተወችም። ይህን እንድጽፍም ፈቅዳልኛለች፤ ለአባቷ ግን ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ ራሷ ትነግረዋለች። እስከዚያው አደራ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ብቻ ነው።