ከሞቱ ቀን ጀምሮ

ደንብ የሚያፈቅር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ለስደተኞች በተከፈተ ኮሌጅ ሥነ ልቦና ሳስተምር አንዱ አለቃዬ ነበር። ያገሬ ሰው ነው፤ ደንቡንም እንደ ዳዊት ይደግመዋል፦ «ወላጅ የሞተበት ተማሪ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ሦስት ቀን ይፈቀድለታል።»

ግን በእኛ ዘንድ ሞት ሁለት ቀን የለውም እንዴ? አንዱ የሞቱ፣ ሌላው የመርዶው። የተማሪዬ የትርንጎ እናት ጎንደር ላይ በሰኔ አረፉ። ዘመዶቿ ትምህርቷ እንዳይበላሽ ብለው ሰባት ወር ደበቋት፤ በጥር አረዷት። ለልቅሶ ስትቀመጥ የማጠቃለያ ፈተናው አለፋት። እንድትፈተን ልትለምን አለቃዬ ቢሮ ገባች።

«ፈቃድሽ ሰኔ ላይ አልቋል» አላት።

«ኡስታዝ፣» አለችው፣ እንደ ሱዳኖቹ መምህር ማለቷ ነው፤ «ሰኔ ላይ እኮ እናቴ በሕይወት ነበረች።»

«ለአንቺ ነበሩ። ለደንቡ ግን አልነበሩም።»

እኔስ? ማስረዳት እወዳለሁና በረንዳ ላይ አስቀምጬ አንቀጹን ቃል በቃል ተነተንኩላት። አቀርቅራ ሰማችኝ። «ገባኝ፣ ኡስታዝ» ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም። በመከር ድንበሩ አጠገብ ካሉት የፋሽጋ እርሻዎች ላይ ሰሊጥ ስታጭድ ያያት አለ።

ያለፋት ፈተና የመጀመሪያ ጥያቄ «ሐዘን ላይ ያለን ሰው እንዴት ታጽናናለህ?» የሚል ነበር። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።