ባንድ ቀይሬ የወንድሜን አርባ ላበላሽ ነበር

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ “ቀልዱን ተው” ትሉኛላችሁ። ምስክሬ ግን ዳስ ሙሉ ሰው ነው!

ታላቅ ወንድሜ ፈንታው አርፏል። ዛሬ አርባው ነበር። ይቺን መጻፍ አሁንም ይከብደኛል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ሞደሙ ልለፍ።

አዎ፣ ሞደም።

እህታችን ሙሉ ያገባችው ራቅ ብሎ፣ ኮን የሚባል ከተማ ነው። ፈንታው ባረፈ ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ናት ተብሎ መርዶውን እንኳ ዘግይተን ነው የነገርናት። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ እናትየዋ ከቤት አትወጣም። ለቅሶ አልደረሰች፣ ለአርባውም መምጣት አልቻለች።

ትናንት ደውላ አንድ ነገር ለመነችኝ። ካህናቱ ስሙን ሲጠሩ፣ እሷም በቪዲዮ ከሰው ጋር “ነፍስ ይማር” ማለት ፈለገች። ብቻዋን ማልቀሱ መሯታል።

“ለኔ ተይው” አልኳት።

ወይ እኔ!

ሞደሙ የፈንታው ነው። ሴቲንጉን ስከፍት ኔትወርክ የሚቀበልበትን ሞገድ ባንድ 20 ላይ ብቻ ቆልፎታል። ቀርፋፋው ባንድ! ምን ነክቶት ነው ብዬ ሞደሙንና ፓወር ባንኩን ይዤ ወደ አሸተን ተራራ በሚወስደው ዳገት ወጣሁ። ከዚያ የኔትወርኩ ታወር ፊት ለፊት ይታያል። ባንድ 3ን መረጥኩ። ስፒዱ በረረ! ሌላውን ሁሉ አጥፍቼ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ደግሜ ሞከርኩት? ለምን ብዬ! ዳስ ልጥል ሮጥኩ።

ቤታችን ግን ታወሩን ከሚጋርድ ጉብታ ሥር ነው። ፈጣኑ ባንድ ደግሞ ጉብታ አይሻገርም።

ዛሬ ካህናቱ ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። ሙሉ በስልክ እንደምትገባ ለመሪጌታ በኩራት አስረዳኋቸው። እሺ ብለው ተነስተው ቆመው ጠበቁ።

ሲግናል የለም።

መሪጌታ እኔን ያያሉ። እኔ ሞደሙን አያለሁ። ዳሱ በሙሉ ስልኩን ያያል። ሴቲንጉን ወዲያው መመለስ ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን መሰላል ጠየቅሁ!

ጋቢዬን እንደለበስኩ፣ ሞደሙን በሁለት እጄ ወደ ላይ ይዤ የቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቆምኩ። አጎቴ ጋሽ ይመር ከታች ቀና ብለው አዩኝና፦

“ልጄ፣ ለፈንታው ልትደውል ነው እንዴ የወጣኸው?”



የእማዬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እየሳቀች ነው! ፈንታው ካረፈ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ከዚያ ዳሱ ሁሉ ሳቀ። መሪጌታ እንኳ ፊታቸውን አዞሩ።

ኩራቴ ስላለቀ እዚያው ቁጭ ብዬ ባንድ 20ን መለስኩ። ሞደሙ ጠፍቶ በራ። ቀርፋፋው ባንድ ጉብታውን ዞሮ መጣ!

የሙሉ ፊት ቁርጥርጥ ብሎ ገባ። አፍንጫዋ አንድ ቦታ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ። ድምፅዋ ግን ጥርት ያለ ነው። መሪጌታ የክርስትና ስሙን ጠሩ። ሁላችንም “ነፍስ ይማር” አልን።

የሷ ዘግይቶ ደረሰ። እኛ ዝም ካልን በኋላ፣ ለብቻው።

“ነፍስ ይማር።”

ቀጥላም “ሰማችሁኝ?” አለች።

“ሰማንሽ ልጄ” አለች እማዬ። “ሰው ሁሉ ሰማሽ።”

ከፈንታው ሞት ወዲህ እንደዛሬ ቀሎኝ አያውቅም። ግን እስኪ ፍረዱኝ፤ ለዚህ የግድ ጣሪያ ላይ መውጣት ነበረብኝ?