ፔዳሏና የእትዬ አስካለ ጠበል

ርካሽ ዕቃ አንድ ጠባይ አለው፤ የሚችለውን ሁሉ ካርቶኑ ላይ ዘርዝሮ ይነግራችሁና የማይችለውን ራሳችሁ እንድትደርሱበት ይተወዋል። ውድ ዕቃም ያው ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ግን ገዝቼ ስለማላውቅ ስሙን አላጠፋም። የማወራችሁ ስለ አንዲት ርካሽ ፔዳል ነው። ይኸው እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ጊታር ተጫዋች ነኝ። አስኮ ባለችው ቸርቻችን ከመዘምራኑ ጋር እጫወታለሁ። መጫወት ብቻ መሰላችሁ? ፊቴ ማይክ ይቆምልኛል፣ አብሬም እዘምራለሁ። ድምፄንም ሰው ይወደዋል ብዬ ነው የማስበው፤ እስካሁን አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅማ።

የምኖረው ዓለም ባንክ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ፣ ከሰርቪስ ቤቶቹ አንዷን ተከራይቼ ነው። እትዬ አስካለ ደግ አከራይ ናቸው፤ ጉንፋን ሲይዘኝ አጥሚት ያመጡልኛል። ጊታር ግን አይወዱም። የኔ አምፕሊፋየር ደግሞ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ታዲያ በጾሙ ሰሞን በሬን ቀስ ብለው አንኳኩና «ልጄ፣ አንዴ ደግመህ ብታስጮኸው ሌላ ቤት ፈልግ» አሉኝ። እንዲያ በፍቅር የተነገረ ማባረሪያ ሰምቼ አላውቅም።

ለመሆኑ ዓለም ባንክ አካባቢ ቤት ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ደላላው «ላጤ ነህ?» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ሥራህ ምንድን ነው ይላል። ጊታር ተጫዋች ነኝ ስትሉት ስልኩ ራሱ ይዘጋል። እንግዲህ እዚያች ክፍል የመቆየቴ ነገር ጭጭ በማለቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው መልቲ ኢፌክት ፔዳል ሆነ። ላልገባችሁ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ በእግር የምትረገጥ፣ የጫማ ካርቶን የማታክል ሳጥን ናት። ጊታሩን ስትሰኩባት የትልልቆቹን አምፕሊፋየሮች ድምፅ እያስመሰለች ታወጣዋለች። አንዱን ቁልፍ ስትረግጡ ዋሻ ውስጥ ያላችሁ ይመስላችኋል፤ ሌላውን ስትረግጡ የሐምሌ ነጎድጓድ ይወርዳል። ከበሮ መቺ ሳይቀር ውስጧ አለ፤ እንደኛው ከበሮ መቺ አያረፍድም፣ ምሳ ጋብዙኝም አይልም። እንከን የላትም ወይ? ሞልቷታል እንጂ! ቁልፎቿ ፕላስቲክ ናቸው፤ በረገጣችሁ ቁጥር ተሰበረች ብላችሁ ትሳቀቃላችሁ። ስክሪኗ የሚነበበው ተንበርክካችሁ ነው። ከድምፆቿ ግማሾቹን ማን ለምን እንደሠራቸው ፈጣሪ ይወቅ፤ አንዱማ አንገቷን የተያዘች ዶሮ ነው። ግን አንዲት ቀዳዳ አለቻት፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካባት። ለዚያች ቀዳዳ ስል ሁሉንም ይቅር አልኳት። እኔ በጆሮዬ ስታዲየም ሙሉ ሰው አስጨፍራለሁ፣ ግቢው ግን ኮሽታ አይሰማም። ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የእሁዱን መዝሙር ልለማመድ በሬን ቆለፍኩ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ፣ ነጎድጓዷን ረገጥኩ። አቤት ደስ ሲል! ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንደ ልማዴ አብሬ እያዜምኩ ራሴን ረሳሁ።

ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍብኝ ብንን አልኩ። በሬ ተገንጥሏል! እትዬ አስካለ የጠበል ጠርሙስ ይዘው እያማተቡ ይረጩኛል። ከአጥሩ በር ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸምሱ ትከሻቸውን ያሻሻሉ፤ ለካ በሩን የገነጠሉት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው የግቢው ተከራይ በሙሉ ቆሟል፤ አንዷማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ልብ በሉ፣ ጆሮዬ ላይ አሁንም ነጎድጓድ ነው። አፍ ይከፈታል፣ አፍ ይዘጋል፣ የሰው ድምፅ ግን የለም። በቃ ሞቻለሁ ብዬ ክው አልኩ። አትሳቁ፤ ለቀስተኛ አለ፣ ጠበል አለ፣ ምን ቀረ?

ማዳመጫውን ሳወልቅ መጀመሪያ የሰማሁት ጋሽ ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ!» ሲሉ ነው። ከምን ነው የተረፍኩት ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ባንዴ ያወሩ ጀመር። እትዬ አስካለ እንደነገሩኝ ከክፍሌ የጣር ድምፅ ተሰምቷል። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከፍ ይላል፣ መሃል ላይ ይሰበራል፣ ያቃስታል፣ ደግሞ ይነሳል። መጀመሪያ ጨጓራው ነው ብለው ነበር። ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ፣ መልስ የለም። ጋሽ ሸምሱ ኧረ ልጁን እያነቁት ነው ብለው ሱቃቸውን ሳይዘጉ ሮጡ። የምታለቅሰዋ ደግሞ ይሄስ የሰው ድምፅ አይደለም ብላ ጠበሉን ያስመጣችው እሷ ናት።

«ኧረ እየዘመርኩ ነው!» አልኩ።

የምታለቅሰዋ ማልቀሷን ተወችው። ጋሽ ሸምሱ መሬት መሬት እያዩ፣ ያለ ሙዚቃ ስለሆነ ይሆናላ ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ያን ጊዜ ነው ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው እንከን የገባኝ። ፔዳሏ ጊታሩን ትደብቃለች እንጂ አፍ አትደብቅም። እኔ ከነጎድጓዱ የተነሳ የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም፤ ግቢው ደግሞ እሱን ብቻ፣ ራቁቱን ሰማው። አፈርኩ፣ ምን ልበላችሁ፣ የምገባበት ጠፋኝ።

ፔዳሏም ጠበሉ ደርሷት ጠፋች። በኋላ ፀሐይ ላይ አስጥቻት ነቅታለች፤ ዋሻውም ነጎድጓዱም ሄዶ የቀረችው ግን ያቺ ዶሮ ብቻ ናት።

እትዬ አስካለ ሰዉን ሸኝተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በቃ ቤቱ አበቃለት አልኩ፤ ዕቃዬን የት እንደማደርሰው ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ በዚያው በፍቅር ድምፃቸው፣ «ያንን ትልቁን ማጉያህን አውጣው። እንደ ልብህ አስጩኸው። ብቻ ይሄኛውን አታሰማኝ።» ይሄኛውን ሲሉ ጣታቸው ወደ ጉሮሮዬ ነበር።

በማግስቱ ቸርች ይሄን ሁሉ ለመዘምራኑ መሪ አጫወትኩት። በሳቅ ይሞታል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ጋ የተቀመጠውን ሰውዬ አየው፣ ሰውዬውም እሱን አየው። ነገሩ አላማረኝም። ጎንበስ ብዬ የማይኬን ገመድ በእጄ ተከተልኩት፤ ምንጣፉ ሥር ገባ፣ ከስፒከሩ ኋላ ዞረ፣ እዚያው ቆመ። ጫፉ የትም ሳይሰካ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ በፕላስተር ታሽጓል። ፕላስተሩም አርጅቶ አቧራ ለብሷል።